ሰረገላውን ተዉት፣ መርከቧን ያዙ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፣ ከባሕር ዳር

ባለፈው እትም ስለ ጄኔራል ቶማ አሌክሳንደር ዱማ አንድ ገጽ አውጥተን ነበር። ለዘለላችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ፦ በ1762 ሳን ዶሚንግ፣ ማለትም የዛሬዋ ሃይቲ፣ ማርኪ የሚባል የመኳንንት ማዕረግ ካለው ፈረንሳዊና ማሪ ሴሴት ከምትባል ባሪያ ተወለደ፣ አባትየው ወደ አገሩ መመለሻ ሲቸግረው የገዛ ልጁን በመያዣ ሸጠው፣ ቆይቶ አስለቀቀውና በ1776 ፈረንሳይ አስመጣው፣ ልጁም ከአባቱ ጋር ሲኮራረፍ በ1786 በእናቱ ስም ተራ ፈረሰኛ ሆኖ ተቀጠረ፣ በ1793 ጄኔራል፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያለበት የአልፕስ ጦር አዛዥ። ከዛ ጣሊያን፣ ከዛ ግብፅ፣ ከዛ እስር ቤት፣ በ1806 በ43 ዓመቱ ሳንቲም ሳይኖረው ሞተ። ደራሲው አሌክሳንደር ዱማ የሱ ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ «ነገሩ በሌላ መንገድ ቢሄድስ ኖሮ?» ብለን ብንጠይቅ ቴሌግራማችንን አጥለቀለቃችሁት፣ ዛሬ የተወሰነውን እመልሳለሁ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው፣ የኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ ሰላም ነው? በ1795 ፓሪስ ላይ የንጉሡ ደጋፊዎች ሲነሱ መንግስት የጠራው ዱማን ነበር፣ ሰረገላው መንገድ ላይ ሲሰበርበት ነው ቦናፓርት የገባው የሚባል ነገር አነበብኩ። ሰረገላው ባይሰበር ኖሮ በናፖሊዮን ፋንታ ንጉሠ ነገሥቱ ዱማ ይሆን ነበር ማለት ነው? ከሽምብጥ

ወንድሜ፣ ከመጡት ጥያቄዎች ግማሹ ይሄው ነው፣ ሰው ሁሉ ይቺን ሰረገላ ወዷታል። ወሬውን የጻፈው ልጁ ነው፣ በማስታወሻው። ዱማ በዛ ሰሞን ታሞ በፈቃድ ቪሌ ኮትሬ፣ የሚስቱ አገር ነበር፣ ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥሪው ሲደርሰው ተነሳ፣ ሰረገላው መንገድ ላይ ተሰበረ፣ በማግስቱ ሲደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። ኦክቶበር 5 ቀን 1795 ባራስ የሚባለው የመንግስት ሰው ቦናፓርትን መደበ፣ ሙራ የተባለ ወጣት መኮንን በሌሊት ጋልቦ 40 መድፍ አመጣ፣ ቦናፓርትም ፓሪስ መሃል ጎዳና ላይ ተኮሰው። በዛች ቀን ስሙ ወጣ፣ በቀጣዩ ማርች የጣሊያንን ጦር ሰጡት፣ ከዛ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ።

እኔ ግን ሰረገላዋ አትጥመኝም። ባራስ ቦናፓርትን የያዘው ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ ከ1793 የቱሎን ከበባ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ያኔ ደግሞ ቦናፓርት ፓሪስ ውስጥ ደህና ሥራ አጥቶ ደጅ ይጠና ነበር፣ ዱማ በሰዓቱ ቢደርስ ባራስ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያቆማቸው ነበር እንጂ አንዱን አያባርርም። ደግሞስ ዱማ ያን መድፍ ይተኩሰው ነበር? ይሄ ሰውዬ በ1793 ባዮን ሲመደብ የሰው አንገት የሚቆረጠው እሱ ካረፈበት ቤት ፊት ለፊት ነበር፣ ሕዝቡ መስኮት ላይ ወጥቶ ሲያይ እሱ መስኮቱን ዘጋ፣ በዚህ ምክንያት «አቶ ሰብዓዊነት» እያሉ አሾፉበት። በቀጣዩ ዓመት አመፅ ወደተነሳበት የፈረንሳይ ግዛት ወደ ቫንዴ ሲልኩት ደግሞ ስለ አማፅያኑ ከማውራት ይልቅ የራሱን ወታደሮች ዘረፋና ግፍ ዘርዝሮ ለመንግስት ሪፖርት ጻፈ። እንዲህ ያለ ሰው ኦክቶበር ላይ ፓሪስ መሃል አስቀምጠህ «ሕዝቡ ላይ ተኩስ» ብትለው የምታገኘው ናፖሊዮንን አይደለም፣ ምናልባት ፈረሰኛ አስወጥቶ ሰዉን በጎራዴ ጀርባ ይበትነው ነበር፣ ምናልባትም እምቢ ይል ነበር፣ ብቻ ከዛች ቀን ዘውድ አይወጣም።

ስለዚ ሰረገላዋን ተዋትና መርከቧን ያዝ። የኔ አቋም ይሄ ነው፣ ከመጣው ደብዳቤ ሁሉ ደግሞ ማንም አላነሳትም፣ ገርሞኛል።

መርከቧ ላ ቤል ማልቴዝ ትባላለች፣ ማርች 1799 ከእስክንድርያ ተነሳች። ዱማ ግብፅ ላይ የፈረሰኛው ሁሉ አዛዥ ነበር፣ ከቦናፓርት ጋር ተጣልቶ ፈቃድ ጠይቆ ነው የወጣው። አብረውት ጄኔራል ማንስኩርና ዶሎምዩ የሚባለው የድንጋይ ሊቅ አሉ፣ ዶሎማይት የሚባለው ማዕድን ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። ዱማ የአረብ ፈረሶችና ብዙ የሞካ ቡና ጭኗል። መርከቧ ግን አሮጌ ኖሯል፣ ውሃ ታስገባ ጀመር፣ ማዕበልም መጣ፣ እቃ ወደ ባሕር መወርወር ሆነ፣ ቡናው ሳይቀር (ዘጌ ያላችሁ አንባቢዎች እዚህ ጋ ልባችሁ እንደደማ አውቃለሁ)። በመጨረሻ ታራንቶ ወደብ ላይ ተጠጉ። የኔፕልስ ግዛት በዛ ጃንዋሪ ሪፐብሊክ ሆኖ ስለነበር ወዳጅ ቤት የገቡ መስሏቸዋል፣ ለካስ ካርዲናል ሩፎ የሚመራው የንጉሡ ወገን ጦር ደቡቡን እያስመለሰ ነው፣ እንደወረዱ ታሰሩ። ዱማ የተፈታው በ1801 ነው። ሲወጣ አንድ ጆሮው አይሰማም፣ አንድ ዓይኑ ደክሟል፣ ሆዱ ተበላሽቷል፣ እሱ ራሱ መርዘውኛል ብሎ ጽፏል።

አሁን ያቺ መርከብ ውሃ ባታስገባና በኤፕሪል 1799 ቱሎን ብትደርስ ብለህ አስብ። ቦናፓርት ጦሩን ለጄኔራል ክሌቤር ጥሎ ከግብፅ የወጣው ኦገስት ላይ ነው፣ ፈረንሳይ፣ ፍሬዡስ የደረሰው ኦክቶበር 9፣ መንግስት የገለበጠው ኖቬምበር 9። ዱማ በስድስት ወር ገደማ ይቀድመዋል። ፓሪስ ያኔ ስለ ግብፅ የምታውቀው ቦናፓርት የላከላትን ወሬ ነው፣ ድል በድል። ዱማ ግን ከዛው መጥቷል፣ የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ኦገስት 1 ቀን 1798 አቡኪር ላይ መርከቦቹን ከጨረሳቸው ጀምሮ ጦሩ መውጫ እንደሌለው፣ ወታደሩ በበረሃ በጥም እንደረገፈ፣ ካይሮ እንዳመፀች ያውቃል፣ አፉም አይያዝም። ሌላም አለ። በዛ በጋ ሲየየስ የሚባለው ፖለቲከኛ ለመፈንቅለ መንግስት የሚሆነው «ሰይፍ» እየፈለገ ነበር፣ መጀመሪያ የመረጠው ጄኔራል ዡቤርን ነው፣ ዡቤር ግን ኦገስት 15 ጣሊያን ውስጥ ኖቪ ላይ ተመትቶ ሞተ፣ ሲየየስም ወደ ቦናፓርት ዞረ። ዡቤር ማነው? በ1797 ታይሮል ላይ የዱማ አለቃ የነበረው፣ በሪፖርቱ ዱማን አንስቶ የማይጠግበው ሰውዬ! ዱማ ጤነኛ ሆኖ ፈረንሳይ ቢገኝ ዡቤር ለኖቪው ዘመቻ ፈረሰኛውን ለማን የሚሰጥ ይመስልሃል? እና እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው የምጽፈው፦ ዱማ ኖቪ ላይ አለ፣ ዡቤር ቆስሎ ይተርፋል፣ ቦናፓርት ኦክቶበር ላይ ሲመጣ ወንበሩ ተይዟል። ዱማ ንጉሠ ነገሥት አይሆንም፣ ግድም የለውም። ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ወዳጁ ነው። ይሄ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የመምህሩ ጥያቄ ላይ እመለስበታለሁ።

ብቻውን ድልድይ ላይ ቆሞ የፈረሰኛ ጦር አስቆመ ያላችሁት የምር ነው ወይስ ማጋነን? ባጃጅ ላይ ስንከራከር ዋልን። ከቀበሌ 14፣ የባጃጅ ሹፌር

የምር ነው፣ ግን አዲሱን የአባይ ድልድይ እያሰብክ ከሆነ ትሳሳታለህ፣ የኛው 380 ሜትር ነው፣ በሱ ላይ አንድ ሰው ማንንም አያስቆምም። ማርች 1797፣ ታይሮል ውስጥ ክላውዘን የምትባል ቦታ፣ ኢሳክ የሚባል የተራራ ወንዝ፣ ጠባብ ድልድይ። ጠባብ ድልድይ ላይ ፈረሰኛ የሚገባው አንድ ሁለት እየሆነ ነው፣ ዱማ ደግሞ ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ገደማ፣ ጎራዴ ላይ ወደር የለውም፣ ረዳቱ ዴርሞንኩር ቆስሎ ወድቆ እያየው ነበርና የነገረን እሱ ነው። ሰዎቹ እስኪደርሱለት ያዘው። ኦስትሪያውያን «ጥቁሩ ሰይጣን» አሉት፣ ቦናፓርት ደግሞ ጥንት ሮም ውስጥ ድልድይ ላይ ብቻውን በቆመው በሆራቲየስ ስም ጠራው።

ባጃጅ ላይ ለመጨቃጨቅ ከሆነ ግን የተሻለ ልስጥህ። በ1796 መጨረሻ ማንቱዋ ከተማ ተከባ ዱማ ጥበቃ ላይ ነበር፣ አንድ ሰላይ ያዙ፣ ቢፈትሹት ምንም የለም። ዱማ ወረቀቱን በሰም አሽጎ ውጦታል ብሎ ጠረጠረ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አጠጡት፣ ከዛ ጄኔራሉም መኮንኖቹም ቁጭ ብለው መጠበቅ ሆነ… ወጣ። የኦስትሪያው አዛዥ አልቪንዚ ለተከበበው ጦር የላከው ደብዳቤ ነበር። በወሩ የማንቱዋ ውጊያ ላይ ሁለት ፈረስ ተገደለበት፣ ሪፖርት ጸሐፊው ግን «ዱማ ዳር ሆኖ ይጠባበቅ ነበር» ብሎ ጻፈ። ዱማ ለቦናፓርት በቀጥታ የጻፈው መልስ ሲጨመቅ፣ ያ ደብተራ እኔ ያለሁበት ቢቆም ሱሪው ላይ ይለቀው ነበር ነው። ታሪክ የሚወደው እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ አለቃ ግን አይወደውም።

ልጄ፣ ጽሁፋችሁ ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ግን ሸፋፍናችኋል። ይሄ ሰው የወደቀው በቀለሙ ነው ወይስ በአፉ? ቁርጡን ንገረን። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከግሽ አባይ ክፍለ ከተማ

መምህር፣ በትክክል ይዘውናል። እኔ እንደሚገባኝ የወደቀው በአፉ ነው፣ ሳይነሳ የቀረው ግን በቀለሙ።

አፉን በተመለከተ፣ ግብፅ እንደገቡ ጄኔራሎቹ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበው ይሄ ዘመቻ ለማን ነው፣ ለፈረንሳይ ነው ለቦናፓርት ብለው አጉረመረሙ። ቦናፓርት ሰማ፣ ዱማን ጠርቶ ቁመትህ ከመረሸን አያድንህም አለው ይባላል። እንግዲህ ልጁ እንደጻፈው ድንኳኑ ውስጥ ላንና ሙራም ነበሩ። ላንም ሙራም በ1804 ማርሻል ሆኑ፣ ሙራማ የቦናፓርትን እህት አግብቶ በኋላ የኔፕልስ ንጉሥ እስከመሆን ደረሰ፣ ዱማ የታሰረበት አገር ንጉሥ ማለት ነው። ስለዚህ አፍ ብቻ ቢሆን ይቅር ይባል ነበር።

ቀለሙ ላይ ሕጎቹን በቀናቸው ይመልከቷቸው። አብዮቱ በአፕሪል 1792 ነፃ የሆኑ ክልሶችንና ጥቁሮችን ከነጭ ጋር እኩል ዜጋ አደረገ፣ ዱማ ሌተና ኮሎኔል የሆነው በዛው ዓመት ነው፣ ያውም ኮሎኔል ሰን ዦርዥ በሚመራው የክልሶችና የጥቁሮች ሌጂዮን ውስጥ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1794 ባርነት ቀረ፣ ዱማ ያኔ የአልፕስ ጦር አዛዥ ነው፣ በዛ ጸደይ ትንሹን ሰን ቤርናርንና ሞን ሴኒን በበረዶ ውስጥ ያዘ። ከዛ ሜይ 20 ቀን 1802 ቦናፓርት ባርነትን አጸና፣ ጁላይ 2 ላይ ደግሞ ጥቁርና ክልስ ወደ ዋናዋ ፈረንሳይ እንዳይገባ ከለከለ። ዱማ በዚህ ጊዜ ቪሌ ኮትሬ ቁጭ ብሎ የእስር ቤቱን ዘመን ደሞዝ ክፈሉኝ እያለ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በዛው ጁላይ 24 ቀን ወንድ ልጁ ይወለዳል፣ በሁለቱ ነገር መካከል ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው ያለው። ደሞዙ አልመጣም፣ ሹመትም አልመጣም፣ ሲሞት ለሚስቱ ጡረታ አልተፈቀደላትም። ያነሳው ሕግ ሲነሳ እሱም ተነሳ፣ ሕጉ ሲወድቅ ጄኔራሉን የሚያቆም ምንም አልቀረም።

ለዚህ ነው ከላይ ለሽምብጡ ልጅ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ማንነት ትልቅ ነገር ነው ያልኩት። የሳን ዶሚንግ እርሻ ባለቤቶች ፓሪስ ውስጥ በማንም መንግስት ደጅ ይሰለፉ ነበር፣ ከዛች ደሴት የሚመጣው ስኳርና ቡና የትም አልነበረም፣ ስለዚህ ዡቤር ቢነግስም ግፊቱ ይመጣል። ግን ባርነት ይመለስ የሚለው ሃሳብ ወደ ምክር ቤት ሲቀርብ ፈረሰኛውን የሚያዝ፣ ሕዝብ የሚያውቀው፣ ከባሪያ እናት የተወለደ ጄኔራል እዛው ከተማ ውስጥ ካለ ድምፁ እንደዛ ቀላል አይሆንም። ቦናፓርት በ1801 መጨረሻ አማቹን ሌክሌርን ጦር አስይዞ ሳን ዶሚንግ ላከ፣ የደሴቲቱን ጥቁር መሪ ቱሳን ሉቬርቱርን በማታለል ያዙት፣ ፎር ደ ዡ የሚባል ቀዝቃዛ ምሽግ ውስጥ በአፕሪል 1803 ሞተ፣ ሌክሌርም በቢጫ ወባ ሞተ፣ አብዛኛው ጦሩም አለቀ፣ ደሴቲቱም ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነፃ ወጣች። እኔ ባሰብኩት ታሪክ ይሄ ጦር ባሕር አይሻገርም፣ ቱሳንም የፈረንሳይ አገረ ገዥ ሆኖ አልጋው ላይ ይሞታል። እርግጥ መምህር፣ ያኔ ነፃ ሃይቲ የምትባል አገር ላትኖር ትችላለች፣ ይሄ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደኝ ክፍል ነው፣ ዱማን ባተረፍኩ ቁጥር ዴሳሊን ያወጀውን ነፃነት እየቀማሁ እንደሆነ ይሰማኛል።

ጋሼ እኔ ፔዳ ተማሪ ነኝ፣ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዱማ ከግብፅ አባይን ተከትሎ ከፈረሰኛ ጦር ጋር ወደኛ ይመጣል፣ ጎንደር ይገባል፣ ጣናን ይሻገራል። ዶርም ያሉ ልጆች ሳቁብኝ። እውነት የማይሆን ነገር ነው?

እህቴ፣ ሳቃቸውን ተያቸው፣ ጥያቄሽ ከሁሉም የወደድኩት ነው። ግን አባይን ተከትሎ የሚለውን አሁኑኑ ሰርዢው። የፈረንሳይ ጦር በጄኔራል ደዜ መሪነት አስዋን የደረሰው በ1799 መጀመሪያ ነው፣ ከዛ በላይ ፏፏቴው፣ ከፏፏቴው በላይ ኑቢያ፣ ከዛ ሴናር። ጄምስ ብሩስን ታውቂዋለሽ፣ በ1770 ጢስ አባይን ያየው ስኮትላንዳዊ፣ እሱ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነስቶ በሴናር በኩል አስዋን የደረሰው በ1772 ኖቬምበር ነው፣ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ በረሃው ላይም ግመሎቹ አልቀውበት እቃውን ጥሎ በእግሩ ነው የገባው። ያ ጥቂት ሰው ይዞ ነው፣ አንቺ ሺህ ፈረስ ይዘሽ ምን ታበያቸዋለሽ?

በቀይ ባሕር አምጪው። ፈረንሳዮች ቁሰይር የሚባለውን የግብፅ ወደብ የያዙት ሜይ 1799 ነው፣ ዱማ ከሁለት ወር በፊት ወጥቷል፣ ስለዚህ በአንቺ ታሪክ ያቺን አሮጌ መርከብ አይሳፈርም፣ ይቆያል። ከቁሰይር በጀልባ ምጽዋ፣ የእንግሊዝ መርከቦች እንዳያዩት በጥቂት ጀልባ፣ ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ይዞ። ምጽዋ ላይ የሕርጊጎው ናይብ አለ፣ እሱ ሳያስከፍል አያሳልፍም። ከዛ ትግራይ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው፣ ጠንካራ ሰው፣ ጠመንጃ የሚወዱ፣ እዚህ ጋ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣልሻል፣ ሁለት ወታደር ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ጠመንጃ ሲደራደሩ። ጎንደር ስትደርሺ ግን ተጠንቀቂ፣ ዘመነ መሳፍንት ነው፣ ዙፋኑ ላይ ያለው ንጉሥ ስም ብቻ ነው፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስንቴ ወርደው ስንቴ እንደወጡ ታውቂያለሽ፣ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉት በከንቱ አይደለም፣ ጉልበቱ ያለው የየጁ መሳፍንት እጅ ነው። ዱማ ከማን ጋር ይዋዋላል? ቦናፓርት እስክንድርያ ሲገባ እንዳደረገው ለሕዝቡ አዋጅ ቢያነብ ማን ይሰማዋል?

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሃይማኖቱ ነው፣ በረቂቅሽ ላይ ስላላነሳሽው ነው የምነግርሽ። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ ገና 160 ዓመት ገደማ ነው፣ እዚህ ሐይቁ ዳር ፈረንጅ የጦር መሳሪያ ይዞ መጣ ከተባለ የመጀመሪያው ጥያቄ ካቶሊክ ነህ ወይ ነው። የዱማ ወታደሮች ደግሞ ካቶሊክም አይደሉም፣ ቤተ ክርስቲያን የዘጋ አብዮት ልጆች ናቸው፣ እሱማ የባሰ ነው፣ ይሄንን ደብረ ታቦር ላይ ወይ ደቅ ደሴት ላይ ለአንድ አባት ማን ያስረዳል? እኔ ብሆን ትልቁን ትዕይንት እዛ ላይ አደርገው ነበር፣ ውጊያ ላይ ሳይሆን።

ዱማን ሲያዩት ሰዎች ምን ይላሉ ብለሽ ለጻፍሽው ግን መረጃ አለልሽ። የጦሩ ዋና ሐኪም ዴዥኔት ግብፅ ላይ ያየውን ጽፏል፣ ሕዝቡ አጭርና ከሲታ የሆነውን ቦናፓርትን አይቶ ደነገጠ፣ አለቃችን ይሄ ነው ወይ ብሎ፣ ፈረስ ላይ ያለውን ረጅሙን ጠይሙን ዱማን ሲያይ ግን አለቃው እሱ መሰለው። የኛም ሰው ከዚህ የተለየ የሚያስብ አይመስለኝም፣ እንዲያውም ሐር ካባ አልብሰሽ በቅሎ ላይ ብታስቀምጪው ደጃዝማች ነው ብሎ እጅ የሚነሳው ብዙ ነው።

ጣናን ስለማሻገር፣ በደንገል ታንኳ ፈረስ አይጫንም፣ ስለዚህ ወይ በምስራቁ ዳር በፎገራ በኩል ዙሪው ወይ ፈረሱን አስቀርተሽ ሰውየውን ብቻ ከጎርጎራ በታንኳ አምጪው፣ እሱ ግዙፍ ነው፣ ታንከኛው ማጉረምረም አለበት። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ አስፋልትና ዘንባባ አትጻፊ አደራ፣ ያኔ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያንን የከበበ መንደር ነው ያለው። አባይን ተሻግሮ ጎጃምና በጌምድርን የሚያገናኘው ጢስ አባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድንጋይ ድልድይ ግን ያኔም ነበረ፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፣ ጠባብ ነው። ከላይ የባጃጅ ሹፌሩን ጥያቄ አንብበሽ ከሆነ ምን እያልኩሽ እንደሆነ ገብቶሻል።

ሲያልቅ ላኪልን፣ ገጽ እንሰጥሻለን።

ፑሽኪን ሐበሻ ነው ይባላል አይደል፣ ዱማስ? ከዘጌ

አይደለም። እናቱ ማሪ ሴሴት የሳን ዶሚንግ ባሪያ ነበረች፣ ከዛ የሚያልፍ ዘር ልንቆጥርላት አንችልም። ስለ ፑሽኪንም አዲስ አበባ አደባባይ ሰይመንለት ደስ ብሎናል እንጂ ክርክሩ አላለቀም፣ ቅድመ አያቱ ጋኒባል የመጣሁት ከ«ላጎን» ነው ብሎ ነበር፣ ዱሮ ወደኛ በኩል ያደርጉት ነበር፣ አሁን ብዙ አጥኚዎች ካሜሩን ውስጥ ያለውን ሎጎኔን ይላሉ። ጋኒባልም ግን ጄኔራል ነበር፣ በሩሲያ፣ ከዱማ በፊት። ሁለቱም ጄኔራሎች ደራሲ ወልደዋል፣ አንዱ በልጅ አንዱ በቅድመ ልጅ ልጅ፣ ይሄ ግን አጋጣሚ ነው፣ ከዚህ ቲዎሪ እንዳታወጡ።

አባቱ ቀድሞ ባይሞት ልጁ ደራሲ ይሆን ነበር? ከጎርጎራ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው ጎበዝ። ልጁ አባቱን ሲያጣ ገና አራት ዓመት አልሞላውም፣ ጡረታ ስለሌላቸው ትምህርቱን በደንብ አልተማረም፣ እጅ ጽሁፉ ግን ያምር ስለነበር ፓሪስ ሄዶ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፣ ከዛ ነው ወደ ቲያትር የገባው። አባትየው ማርሻል ሆኖ ቢኖር ልጁን ወታደር ትምህርት ቤት የሚያስገባው ይመስለኛል፣ የዛን ጊዜ ጄኔራሎች እንደዛ ነው የሚያደርጉት፣ በ1812 ደግሞ ገና አሥር ዓመቱ ስለሆነ ከሩሲያው በረዶ ያመልጣል። «የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» ላይ ያለ ጥፋቱ ታስሮ ዓመታት ስለሚማቅቅ ሰው መጻፉ ግን ከታራንቶ የመጣ ይመስለኛል፣ አባትየው ካልታሰረ ምናልባት ያንን ታሪክ አናገኘውም። አንተ የትኛውን ትመርጣለህ፣ ጻፍልኝ።

ስለ ፈረንሳይ ጄኔራል ሁለት እትም መጻፍ ምን ይሉታል? እዚሁ ስሙ ክፍለ ከተማ ላይ የተለጠፈ ሰው አለን እኮ! በላይ ዘለቀ ባይሰቀልስ ብላችሁ ለምን አትጠይቁም? ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ

ወንድም ጋሼ ቁጣህ ገብቶኛል፣ ልክም ነህ። አምስቱን ዓመት ጎጃም ላይ ጣልያንን መግቢያ መውጫ ያሳጣ ሰው በ1937 እንደኛ አቆጣጠር በገዛ መንግስቱ ተሰቀለ፣ «ባይሰቀልስ» የሚለው ጥያቄ ደግሞ እንደ ዱማ ሩቅ አይደለም፣ የሚያውቁት ሰዎች ልጆች ገና በሕይወት አሉ፣ ስለዚህ እንደዚህ በቀልድ አልነካውም። የሚቀጥለው እትም ሙሉውን ለሱ ነው። ቢቸና፣ ሸበል፣ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን በድምፅም ቢሆን ቅዱና በቴሌግራም ላኩ፣ ማን እንደነገራችሁ ግን አብራችሁ ጻፉ።